የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች የሥራ ዝለትና የቡድን ሥልጠና

የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች የሥራ ዝለት በአልኮል፣ በኦፒዮይድ፣ በጫትና በሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች የተጠቁ ሰዎችን በሚያክሙ፣ በሚያማክሩና በሚንከባከቡ ሠራተኞች ላይ፣ ከሥራው ጠባይና ከሥራ ቦታው አደረጃጀት የተነሣ፣ ቀስ በቀስ የሚደርስ የጉልበት፣ የስሜትና የተስፋ መሟጠጥ ነው። በሕክምናው ዓለም ይበልጥ የሚታወቀው «በርንአውት» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ሲሆን፣ በአማርኛ መታከት፣ መሰልቸት ወይም መዛል እየተባለ በየአጋጣሚው ይገለጻል። የቡድን ሥልጠና የሚባለው ደግሞ በአንድ ክሊኒክ ወይም በአንድ የተሐድሶ ማዕከል አብረው የሚውሉ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አማካሪዎች፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች፣ የካርድ ክፍልና የጥበቃ ሠራተኞች ጭምር በአንድነት ተቀምጠው፣ የሚያዝላቸውን ነገር ለይተው እንዲያውቁት፣ በጋራ የሚመሩበትን አሠራር እንዲቀርጹና አንዱ ሌላውን እንዲደግፍ የሚያስችል የሥልጠና ዓይነት ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የፅንሰ ሐሳቡ አመጣጥ

የሥራ ዝለት ዛሬ ስለ መምህራን፣ ስለ ባንክ ሠራተኞችና ስለ ሶፍትዌር ባለሙያዎች ሲወራ የሚሰማ ቃል ቢሆንም፣ በሳይንሳዊ ጽሑፍ ሥር የሰደደው ከአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች ጋር ይሠሩ በነበሩ ሰዎች መካከል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በፍራንክፈርት ከተማ ተወልደው በልጅነታቸው ከናዚ ጀርመን ሸሽተው አሜሪካ የገቡት የሥነ ልቡና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር፣ ቀን በግል ቢሮአቸው ታካሚዎቻቸውን ሲያዩ ውለው፣ ማታ ደግሞ በኒው ዮርክ ኢስት ቪሌጅ ሰፈር በነበረ ነፃ ክሊኒክ ያለ ክፍያ ያገለግሉ ነበር። ወደዚህ ክሊኒክ ከሚመጡት መካከል የዕፅ ተጠቃሚ ወጣቶች ብዙዎች ነበሩ። ፍሮይደንበርገር በራሳቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ያዩትን ለውጥ በ1974 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ «የሠራተኞች መቃጠል» ብለው ሰየሙት፤ ቃሉም በጊዜው ዕፅ ለረጅም ዘመን ተጠቅሞ ውስጡ ባዶ የቀረውን ሰው ለመጥራት በተጠቃሚዎቹ ዘንድ ይነገር የነበረ ነው። የታካሚው ስም ለአካሚው መሰጠቱ የቋንቋ አጋጣሚ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደሚደክሙ አስቀድሞ የታወቀበት ምልክት ነው።

ፍሮይደንበርገር የዘረዘሯቸው ምልክቶች የማይለቅ ጉንፋን፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና የእንቅልፍ ማጣት ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ጋር ቶሎ መቆጣት፣ ሁሉን መጠራጠርና በሥራ ቦታ ብዙ ሰዓት እየቆዩ ጥቂት መሥራት ይታያሉ። በጉዳዩ የበለጠ ተጋላጭ ያሏቸው ሰነፎቹን ሳይሆን ራሳቸውን ለዓላማው የሰጡትን ትጉሃን ነበር። ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ግን ያቀረቡት መፍትሔ ነው፤ አንድን ሰው በተመሳሳይ አስቸጋሪ ሥራ ላይ ደጋግሞ አለመመደብ፣ የሥራ ሰዓትን መገደብ፣ ዕረፍት መስጠት፣ ሠራተኞችን ወደ ሥልጠና መላክና ቡድኑ ልምዱን እየተካፈለ እርስ በርሱ እንዲደጋገፍ ማድረግ በዚያው ጽሑፍ ከተመከሩት መካከል ይገኛሉ። የቡድን ሥልጠና ስለዚህ በኋላ ዘመን ለችግሩ የተጨመረ ሐሳብ አይደለም፤ ከችግሩ ስያሜ ጋር አብሮ የመጣ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥናቱን ወደ ልኬት ያሸጋገሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ክሪስቲና ማስላክ ሲሆኑ፣ ከሱዛን ጃክሰን ጋር በ1981 ዓ.ም. ያወጡት 22 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ እስከ ዛሬ በብዛት ይሠራበታል። መጠይቁ ዝለትን በሦስት ገጽታ ይከፍለዋል፤ የመጀመሪያው የስሜት መሟጠጥ፣ ሁለተኛው ታካሚን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ቁጥር ወይም እንደ ፋይል ማየት፣ ሦስተኛው የሠሩት ሥራ ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. በጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ዝለትን በበሽታነት አልመዘገበውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ የሥራ ክስተት አድርጎ ነው የገለጸው። ይህ አገላለጽ የመድኃኒቱን አቅጣጫ የሚወስን ነው፤ ምንጩ የሥራ ቦታው ከሆነ፣ የሚስተካከለውም በዋነኛነት የሥራ ቦታው መሆን አለበት ማለት ነውና።

ከዝለት ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ሁኔታም አለ። የሌላውን ሰው ሥቃይ ዘወትር ከመስማት የሚመጣው የርኅራኄ ድካም ከአሰቃቂ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሲሆንና ድንገት ሊከሠት ሲችል፣ ዝለት ግን ምንም አሰቃቂ ነገር ሳይሰማ፣ ከወረቀት ብዛትና ከአለቃ ፍርደ ገምድልነት ብቻ ሊመጣ ይችላል። በሱስ ሕክምና ውስጥ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው ይገኛሉ።

ሥራው ለምን ያዝላል

የሱስ ሕክምና ከሌሎች የሕክምና ዘርፎች የሚለይበት ዋናው ነገር ማገርሸት ነው። ከሕክምና በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከታካሚዎች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ወደ መጠቀም እንደሚመለሱ ቶማስ ማክሌላንና ባልደረቦቻቸው በ2000 ዓ.ም. ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ አሳይተዋል። ጸሐፊዎቹ ይህን አኃዝ ያነጻጸሩት ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከአስም ሕመምተኞች ጋር ሲሆን፣ በእነዚህም ሕመሞች መድኃኒቱን የሚያቋርጠውና ሕመሙ የሚያገረሽበት ሰው ብዛት ከሱስ ብዙም የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ሆኖም የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ የተመለሰን ታካሚ የሚያይ ነርስ «ደከምኩበት፣ ከዳኝ» ብሎ አያዝንም፤ ጠጥቶ የተመለሰን ሰው የሚያይ አማካሪ ግን ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይሰማዋል። ዝለቱ የሚጀምረው ከዚህ የተሳሳተ ግምት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው ሞት ነው። በአሜሪካ በ2021 ዓ.ም. ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ100,000 በልጧል፤ ከሟቾቹ አንዳንዶቹ በአንድ ወቅት በአንድ አማካሪ ወንበር ፊት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ታካሚው ሞቶ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሌላ ታካሚ በዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ለማዘን የሚሆን ጊዜ ግን በሥራ ፕሮግራሙ ውስጥ አልተመደበም። በዚህ ላይ ታካሚው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገዶ የመጣ እንደሆነ አማካሪው አጋዥም ተቆጣጣሪም ይሆናል፤ ኅብረተሰቡ በሱሰኛ ላይ የሚያሳርፈው ንቀትም ከሱሰኛ ጋር ለሚሠራው ይተርፈዋል፤ ደመወዙም በሌሎች ዘርፎች ተመሳሳይ ትምህርት ካለው ሰው ዝቅ ይላል።

በዘርፉ ብቻ የሚገኝ ሌላ ጉዳይ ደግሞ ከሠራተኞቹ የተወሰኑት ራሳቸው ከሱስ ያገገሙ መሆናቸው ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከተመሠረተ ወዲህ፣ ያገገመ ሰው ሌላውን የሚረዳበት ልማድ በኋላ በተቋቋሙ የተሐድሶ ማዕከላትም ገብቷል። እነዚህ ሠራተኞች ለታካሚው ማንም ሊሰጠው የማይችለውን ተስፋ በአካል ይዘው ይቀርባሉ፤ ነገር ግን የታካሚው ማገርሸት ለእነርሱ የራሳቸውን ያለፈ ሕይወት መልሶ ማየት ስለሆነ፣ ዝለታቸው ከሥራ መልቀቅ አልፎ የገዛ ማገገማቸውን እስከማደናቀፍ ሊደርስ ይችላል። ሥልጠና ሲታቀድ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ አለመነጋገር ትልቅ ስሕተት ነው።

የዝለት ዋጋ በመጨረሻ የሚከፈለው በታካሚው ነው። ሊሊያን ኢቢና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሱስ ሕክምና ድርጅቶች ባደረጉትና በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአማካሪዎቹ 33 በመቶ፣ ከአማካሪ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ 23 በመቶ የሚሆኑት ሥራቸውን ለቀዋል። ምሥጢሩን ለአንድ ሰው ለመክፈት ወራት የፈጀበት ታካሚ፣ ያ ሰው ሲለቅ ታሪኩን ከመጀመሪያው ለሌላ መናገር ይኖርበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይናገርም፣ ይቀራል።

ለምን በቡድን

ዝለት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ነው። አርኖልድ ባከር፣ ፓስካል ለ ብላንክና ዊልማር ስኻውፈሊ በ12 የአውሮፓ አገሮች በሚገኙ 80 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ የሚሠሩ 1,849 ነርሶችን አጥንተው በ2005 ዓ.ም. እንዳመለከቱት፣ ባልደረቦቹ ስለ ዝለታቸው ሲያማርሩ የሚሰማ ነርስ ራሱም የመዛል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ይህም የሥራ ጫናው ግምት ውስጥ ከገባ በኋላ ጭምር ነው። ከዚህ አንጻር ከአንድ ክፍል አንድ ሰው አውጥቶ ለሁለት ቀን አሠልጥኖ ወደዚያው ክፍል መመለስ፣ ጉንፋን ከያዘው ቤተሰብ አንድ ልጅ ብቻ ለይቶ አክሞ ወደዚያው ቤት እንደመመለስ ነው።

ሌላው ምክንያት በሱስ ክሊኒኮች ዘንድ የተለመደ የዕለት ተዕለት ችግር ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቪንሰንት ዶልና በማሪ ኒስዋንደር ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ የተጀመረው፣ ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጠው የሜታዶን ሕክምና፣ ታካሚው መድኃኒቱን በየቀኑ ክሊኒክ መጥቶ በሠራተኛ ፊት እንዲወስድ፣ ታማኝነቱ ሲረጋገጥ ደግሞ የተወሰነ መጠን ወደ ቤቱ እንዲወስድ የሚፈቅድ ነው። አንዷ ነርስ የከለከለችውን የቤት መድኃኒት ሌላው የፈቀደ እንደሆነ፣ ታካሚው ከሁለተኛው ጋር ይወዳጃል፣ የመጀመሪያዋ «ክፉ» ትባላለች፣ በሁለቱ ሠራተኞች መካከልም ቂም ይያዛል። እንዲህ ያለው መከፋፈል ከታካሚው ብዛት ይልቅ ሠራተኛውን ያደክማል፤ በግል ሥልጠናም አይፈታም፤ የሚፈታው ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ መመሪያ ሲያወጡና ሲጠብቁት ብቻ ነው። ማስላክና ማይክል ላይተር በ1997 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ የዝለት ምንጮች ብለው ከዘረዘሯቸው ስድስት የሥራ ሕይወት ዘርፎች መካከል፣ ማለትም ከሥራ ጫና፣ ከሥልጣን ማጣት፣ ከምስጋናና ከክፍያ ማነስ፣ ከባልደረቦች ጋር ካለ ግንኙነት፣ ከፍትሕና ከእሴት ግጭት ውስጥ፣ የባልደረቦች ግንኙነት፣ ፍትሕና እሴት በቀጥታ በቡድኑ እጅ ያሉ ናቸው።

የሥልጠናው ይዘትና አካሄድ

የተሳካ የቡድን ሥልጠና በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ ወራት የሚቆይ ሥራ ነው። ለዚህ በጥሩ ምሳሌነት የሚጠቀሰው ለ ብላንክና ባልደረቦቻቸው በኔዘርላንድ በካንሰር ሕክምና ክፍሎች ያካሄዱትና በ2007 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ነው። ከ29 ክፍሎች 9ኙ በዕጣ ተመርጠው በወር አንድ ጊዜ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ፣ ከአመቻቾች ጋር ተሰብስበዋል። በእነዚህ ስብሰባዎች የተሰጣቸው ዝግጁ ትምህርት ጥቂት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፉት በክፍላቸው ውስጥ በጣም የሚያዝላቸውን ነገር ራሳቸው ለይተው፣ የሚለወጠውን ከማይለወጠው አበጥረው፣ ለሚለወጠው ዕቅድ አውጥተው፣ በሚቀጥለው ወር ምን እንደደረሰ በመገምገም ነው። ሥልጠናውን ያገኙት ክፍሎች ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የስሜት መሟጠጣቸው ወዲያውም ሆነ ከስድስት ወር በኋላ፣ ታካሚን እንደ ዕቃ የማየት ዝንባሌያቸው ደግሞ ወዲያው በተደረገው ልኬት ብቻ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከካንሰር ክፍልና ከሱስ ክሊኒክ መካከል ልዩነት ቢኖርም፣ ሁለቱም ታካሚያቸውን በተደጋጋሚ የሚያጡ ቡድኖች በመሆናቸው ትምህርቱ ይተላለፋል።

በሱስ ሕክምና ውስጥ በራሱ የተካሄደው በጣም የታወቀው ሙከራ ደግሞ በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የስቲቨን ሄይስና የባልደረቦቻቸው በ2004 ዓ.ም. የወጣው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት 90 የሱስ አማካሪዎች በሦስት ተከፍለው የአንድ ቀን ሥልጠና ወስደዋል፤ አንዱ ወገን የመቀበልና የቁርጠኝነት ሥልጠና፣ ሌላው ስለ ልዩ ልዩ ባህሎች ግንዛቤ፣ ሦስተኛው ስለ ዕፆች ሥነ ሕይወታዊ አሠራር ተምረዋል። የመጀመሪያው ሥልጠና ዋና ሐሳብ፣ ሰው በውስጡ የሚመጣበትን አስቸጋሪ ሐሳብ ለማጥፋት ሲታገል ይደክማልና፣ ሐሳቡ እንዳለ ሆኖ ከሚያምንበት ዓላማ ጋር የሚስማማውን ሥራ መሥራት ይማር የሚል ነው፤ ለምሳሌ «ይህ ሰው መቼም አይለወጥም» የሚለው ሐሳብ ወደ አማካሪው አእምሮ ሲመጣ፣ ሐሳቡን እንደ እውነት ሳይቆጥረው፣ ደግሞም «እንዲህ ማሰብ የለብኝም» ብሎ ራሱን ሳይወቅስ፣ ከታካሚው ጋር መቀመጡን ይቀጥላል። ከሦስት ወር በኋላ በተደረገው ክትትል ይህን ሥልጠና የወሰዱት አማካሪዎች ለታካሚዎቻቸው የነበራቸው አግላይ አመለካከትም ዝለታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል። ሁለቱ አብረው መቀነሳቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ታካሚን መናቅና መዛል የአንድ ነገር ሁለት ፊት መሆናቸውን ያመለክታልና።

የአነሳሽ ቃለ ምልልስ ሥልጠናም በብዙ ቡድኖች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ ዘዴ በ1983 ዓ.ም. በዊልያም ሚለር የተጀመረና በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር የዳበረ ሲሆን፣ ታካሚውን ከመገሠጽና ከመከራከር ይልቅ፣ የመለወጥ ምክንያቱን ከራሱ አንደበት እንዲናገር የሚያደርግ ነው። ለዝለት ያለው ጥቅም በተዘዋዋሪ ነው፤ ሲከራከር የሚውል አማካሪ ማታ ደክሞ ይገባል፣ የለውጡ ባለቤት ታካሚው መሆኑን የተረዳ ግን ያልተሸከመው ሸክም አይከብደውም። ነገር ግን ሚለርና ባልደረቦቻቸው 140 ባለሙያዎችን አሳትፈው በ2004 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ ሥልጠናውን ብቻ ወስደው የተመለሱት ሰዎች ችሎታቸው እየቀነሰ ሲሄድ፣ በሥራቸው ላይ አስተያየት ወይም ተከታታይ ምክር ያገኙት ግን ጠብቀውታል። ስለ ሥልጠና ከተደረጉ ጥናቶች ሁሉ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች አንዱን ብቻ ማንበብ ቢችሉ ይህ ሊሆን ይገባዋል።

ክትትሉ በሥራ ቦታ የሚሰጥበት መንገድ የሙያ ሱፐርቪዥን ነው፤ ይኸውም ልምድ ያለው ባለሙያ ከአማካሪው ጋር በቋሚ ሰዓት ተቀምጦ የያዛቸውን ታካሚዎች እያነሡ የሚወያዩበት፣ ለቁጥጥር ሳይሆን ለድጋፍ የታሰበ ጊዜ ነው። ሃና ክኑድሰንና ባልደረቦቻቸው በ2008 ዓ.ም. ባወጡት በ823 አማካሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ጥሩ ሱፐርቪዥን ያገኙ አማካሪዎች በሥራቸው ላይ የበለጠ ነፃነትና ፍትሕ እንዳለ ይሰማቸዋል፤ ይህ ስሜት ያላቸውም የስሜት መሟጠጣቸውና ሥራ የመልቀቅ ሐሳባቸው ያነሰ ነው። በቡድን ደረጃ ደግሞ ሳምንታዊ የታካሚ ውይይት፣ ሞት ወይም አምባጓሮ በደረሰ ማግሥት የሚደረግ አጭር መሰብሰብ፣ በፈረቃ ርክክብ ጊዜ የተወሰኑ ደቂቃዎች መመደብ የሥልጠናው ቀጣይ ክፍሎች ናቸው። ጥበቃውና የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በእነዚህ ስብሰባዎች እንዲገኙ ማድረግ በብዙ ቦታ ይዘነጋል፤ ሰክሮ የመጣውን ታካሚ መጀመሪያ የሚያገኙት ግን እነርሱ ናቸው።

የማስረጃው ጥንካሬና ገደብ

ዌንዲ አዋና ባልደረቦቻቸው በ2010 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ሙያዎች የተደረጉ 25 የዝለት መከላከያ ጥናቶችን መርምረው፣ ከፕሮግራሞቹ 80 በመቶ ያህሉ ዝለትን እንደቀነሱ፣ ነገር ግን በግለሰቡ ላይ ብቻ ያተኮሩት ውጤታቸው ለስድስት ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንደቆየ፣ ግለሰቡንና የሥራ ቦታውን አጣምረው የያዙት ግን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እንደዘለቁ ገልጸዋል። በሌላ በኩል ሮገር ቪላርዳጋና ባልደረቦቻቸው በ2011 ዓ.ም. በሱስ አማካሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አማካሪው ለራሱ ሐሳብና ስሜት ያለው አያያዝና ለእሴቱ ያለው ታማኝነት፣ ከሥራ ቦታው ሁኔታዎች ይልቅ ከዝለት ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንዳላቸው አግኝተዋል። ሁለቱ ግኝቶች እርስ በርስ የሚጣሉ ቢመስሉም፣ ግለሰቡን የሚያጠነክር ሥልጠና በቡድን ውስጥ ሲሰጥ ሁለቱንም ወገን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሥልጠና የማይፈታው ነገር መኖሩም በግልጽ ሊነገር ይገባል። አንድ አማካሪ ሊይዝ ከሚገባው እጥፍ ታካሚ ተሰጥቶት፣ ደመወዙ ሳይከፈለው ቆይቶ፣ «እርስ በርሳችሁ ተደጋገፉ» ተብሎ መሠልጠን ግፍ ነው፤ ሠራተኛውም ግፉን ስለሚያውቀው ሥልጠናው ራሱ አዲስ የዝለት ምክንያት ይሆናል። ሌላው አደጋ የዝለት መጠይቅ ውጤት ለአለቆች ደርሶ «ደካማ» የተባለውን ሠራተኛ ለመለየት መዋሉ ነው። መጠይቁ ስም ሳይጠቀስ ካልተሞላና ውጤቱ በክፍል ደረጃ ብቻ ካልቀረበ፣ ሠራተኛው የሚሞላው እውነቱን ሳይሆን የሚያድነውን ነው።

በኢትዮጵያ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. የጀመረውና የአእምሮ ጤና፣ የአልኮልና የዕፅ ችግሮችን ሕክምና በጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች አማካይነት ለማስፋፋት ያለመው ፕሮግራም በኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ ተጀምሯል፤ በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ በተካሄደው የምርምር ሥራም የአልኮል ችግር በጤና ጣቢያ ደረጃ ከሚታከሙት ሕመሞች አንዱ ነበር። ይህ አካሄድ ሕክምናውን ወደ ሕዝቡ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ወሊድ፣ ክትባትና ወባ ለያዘው የጤና መኮንንና ነርስ ተጨማሪ ሥራ መሆኑም አይካድም። የአገሪቱ የሥልጠና ልማድ ደግሞ ከየጤና ጣቢያው አንድ ወይም ሁለት ሰው ተመርጦ ወደ ከተማ ሄዶ፣ በሆቴል አዳራሽ ለጥቂት ቀናት ሠልጥኖ፣ አበሉን ተቀብሎ የሚመለስበት ነው። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ከሚያሳዩት ጋር ይህ ልማድ ፊትና ኋላ ነው፤ የሠለጠነው ሰው ብቻውን ይቀራል፣ ባልደረቦቹም የአልኮልና የጫት ታካሚ ሲመጣ «የእርሱ ሥራ ነው» ብለው ወደ እርሱ ይልካሉ፣ ሲዛወር ደግሞ አገልግሎቱ አብሮት ይሄዳል። የሱስ ሕክምናን በየጤና ጣቢያው ለማስፋፋት የሚያቅዱ የጤና ቢሮዎችና አጋር ድርጅቶች ለሆቴል አዳራሽ ከያዙት በጀት ከፍለው፣ አሠልጣኙን በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያው ራሱ ይላኩ፤ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም ሠራተኛ ይቀመጥ።